የላላው ክር

ፌንጣ ዱባውን እያጠበች ሳለ ቀዩ ክር ተንሸራቶ እጇ ላይ ቀረ።

ከሳሙናው ውሃ አወጣችና አየችው። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ አልተበጠሰም፣ አልተፈታም። ዝም ብሎ እንደ ሰፊ ቀለበት ወልቆ መጣ። ዱባው ከሐረጉ የተያያዘበትን አንገት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። ምንም ምልክት የለበትም።

እንዲህ ሊሆን አይገባም ነበር። ክሩ የሚታሰረው በአበባ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ አንገቱ ከእርሳስ አይወፍርም። ከዚያ ዱባው እያደገ፣ አንገቱም እየወፈረ ሲሄድ ክሩ ይጠብቅና ሥጋው ውስጥ ይሰምጣል። ዓምናና ካቻምና ክሩን ለማውጣት ምላጭ ነበር ያስፈለጋት፤ ከወጣም በኋላ አንገቱ ላይ ዙሪያውን ጠባሳ ቀርቶ ነበር። ይህ ክር ግን አንገቱን አልነካውም። የታሰረው ዱባው ካደገ በኋላ ነው።

የቀሩትን ሁለት ዱባዎች አገላብጣ አየች። የእነሱም ክር ላልቷል። እሷ አላሰረችም። እናቷ ዳቦ ቤት ውላ ስትመለስ ጓሮውን ዞር ብላም አታየው። የቀሩት አያቷ ብቻ ናቸው።

ፌንጣ ያሏት አያቷ ናቸው፤ በልጅነቷ ከመደብ መደብ እየዘለለች ችግኛቸውን ስለፈጀች። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ መዝለሉን ብትተውም ስሙ አልለቀቃትም። አያቷ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር ሰክተው ከጤፍ የማይበልጡ ብሎኖች ሲፈቱና ሲያጠብቁ ኖረው፣ ሱቁን ከዘጉ በኋላ ያንኑ እጅ ይዘው ጓሮ ገቡ። የሰፈሩን የዘር ልውውጥ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። በዓመት አንድ ቀን አትክልተኛው ሁሉ ብርቅ ብርቅ ዘሩን ይዞ ይመጣል፦ ጥቁር ቲማቲም፣ ሐምራዊ ካሮት፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ኪያር። ገንዘብ የለም፤ ዘር ሰጥቶ ዘር መውሰድ ነው።

የእሳቸው ብርቅ ይህ ዱባ ነው። የሌላ ዱባ ፍሬ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ሲወጣ፣ የዚህ ፍሬ አረንጓዴ ገላውን እንዳጋለጠ ነው የሚገኘው። መፈልፈል የለ፣ ቅርፊት መትፋት የለ። ሰው ሁሉ «ራቁቱ» ይለዋል። አያቷ ለማንም ሰጥተውት አያውቁም፤ «ክር ማሰር የማይችል እጅ ላይ አይወድቅም» ይሉ ነበር። ዘንድሮ ግን ዕድሜ ተጫነኝ ብለው ቃል ገቡ። ልውውጡ ነገ ነው፤ ራቁቱን የሚጠብቀውም ሰው ብዙ ነው።

ክር ማሰሩ ዋዛ አይደለም። በዱባ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ይፈካሉ፤ የሚያገናኛቸውም ንብ ነው። ንብ ደግሞ አጥር አታውቅም። ጎረቤት ሌላ ዓይነት ካለ የዚያን ብናኝ አምጥታ እዚህ ታራግፋለች። ይህን ያልፈለገ ሰው ሊፈኩ የደረሱትን አበቦች ከዋዜማው አፋቸውን ያስራል፤ ማለዳ ፈትቶ ወንዴውን ከሴቴው በእጁ ያገናኛል፤ መልሶ ያስራል። በመጨረሻ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ያደርጋል፣ ይህንን ያገናኘሁት እኔ ነኝ ለማለት። ካልታሰረም ዱባው በዚያ ዓመት ራሱን መስሎ ያድጋል። ቅልቅሉ ያለው ዘሩ ውስጥ ስለሆነ የሚታወቀው ተዘርቶ ሲያፈራ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ጎረቤታቸው አጥሩ ላይ የጌጥ ቅል አሳድጓል፤ ትንንሽ፣ ዥንጉርጉር፣ ሲያዩት የሚያምር፣ ሲቀምሱት እንደ እሬት የሚመር። ከዱባ ጋር ከተዳቀለ መራራነቱ ይተላለፋል፤ የበላውን ሰው አንጀቱን ያገላብጠዋል። ይህን ለፌንጣ የነገሯት አያቷ ራሳቸው ነበሩ።

የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። አያቷ የበሩን መቃን በእጃቸው ይዘው ደረጃውን በእግራቸው ጫፍ ፈለጉት።

«ታጠበ?»

«ታጥቧል አባባ።» ክሩን በእርጥብ ጣቷ ጨበጠችው። «አባባ፣ ክሩን መቼ ነው ያሰሩት?»

«ሰዓት ሠሪን መቼ ተብሎ ይጠየቃል? በሰዓቱ ነዋ።»

«አበባ እያለ?»

«ታዲያ ዱባ ሲሆን ላስር?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን ዘግይቶ ነው የመጣው።

«እንዲያው... ላላ ብሎብኝ ነው።»

ድምፃቸው ተለወጠ። «አንቺ ትምህርትሽን ያዢ። ክሩን ለእኔ ተይው።»

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግረዋት አያውቁም። ፌንጣ አንገቷን ደፍታ ዱባውን ማድረቅ ጀመረች። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ግን አላለቀሰችም።

ትዝ ያላት አንድ ማለዳ ነበር። ያኔ ፈተና ላይ ነበረች። በመስኮት ስታይ አያቷ መደቡ አጠገብ ተንበርክከው ከአበቦቹ ሥር በአውራ ጣታቸው ይዳብሱ ነበር። ሴቴዋ አበባ ከሥሯ ትንሽዬ ዱባ አለቻት፤ ድሮ ከሩቅ ነበር የሚለዩዋት። ያን ቀን አንዷን ሲዳብሱ ቀነጠሷት። የተቀነጠሰችውን አበባ ይዘው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ንቦቹ ገብተዋል። ፌንጣ ያረፉ መስሏት ወደ መጽሐፏ ተመለሰች።

ለካ አይታያቸውም ነበር።

ለምን እንደደበቁም ገባት። እናቷ ባለፈው ደረጃው ላይ ሲደናቀፉ አይታ፣ «ዓይንዎ ከደከመማ ወንድሜ ጋ ይሄዳሉ። እዚህ ጉድጓድ ለጉድጓድ ወድቀው አጥንትዎ ከሚሰበር» ብላቸው ነበር። አጎቷ የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ሊፍትም አለው። አንድ ጭብጥ አፈር ግን የለውም። አያቷ ያን ቀን፣ «ዓይኔ ምንም አልሆነም» ብለው እራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ ፌንጣና ጓደኛዋ ራዲዮ የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ለነገው ልውውጥ ለማዘጋጀት ሄዱ። ራዲዮ የተባለችው ዜና ስለማታሳድር ነው። ዛሬ ግን ፌንጣ ለሰው መንገር ነበረባት፤ ካልነገረች የምትፈነዳ መሰላት። ወንበር እየደረደሩ ሁሉንም ነገረቻት።

«በቃ ይኸው ነው?» አለች ራዲዮ። «አቦ አታካብጂ! ፍሬው ያው ፍሬ ነው። ማን ያውቃል?»

«ሲዘሩት ያውቃሉ።»

«ሲዘሩት የከርሞ ሰው ይጨነቅበት። ያኔ ደግሞ አፈሩ ነው፣ ዝናቡ ነው ይባላል። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

ፌንጣ ዝምታ ባይነቅዝ ዘር ይነቅዛል ብላ አሰበች።

ሁለቱን ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን አቆሙ። አንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ፤ ሌላው ባዶውን ቀረ። ይህ የልውውጡ ሕግ ነው። ዘር ያመጣ ሰው ዘሩን ከፍ አድርጎ ይዞ ሁሉም እየሰማ አንድ ቃል ይናገራል። «ታስሯል» ካለ ነጩ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ ከዚያ የወሰደ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይዘራል። «ክፍት ነው» ካለ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከዚያ የወሰደ ዕድሉን ይሞክራል። በወረቀት አይጻፍም፣ ማንም አይፈርምም። «ቃሉን ያልጠበቀ ፊርማውን አይጠብቅም» ይላሉ አያቷ። እሳቸው በር አጠገብ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰማሉ። ክፍት ነው ያለውንም ሁልጊዜ፣ «ጎረቤቱ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁታል፤ ከምን ጋር ሊዳቀል እንደቻለ ሰው እንዲያውቅ።

«ደግሞስ» አለች ራዲዮ ጨርቁን እየሳበች፣ «ልብስ ሰፊዋን ምን እንዳደረጓት ረሳሽ? አያትሽ እንዲህ ሆነ ቢባል ሰዉ ምን ይላል?»

አልረሳችም። የዛሬ ሦስት ዓመት ልብስ ሰፊዋ ያመጣችውን ቢጫ ቃሪያ «ታስሯል» ብላ ነጩ ላይ አኑራው ነበር። አያቷ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከእሷ ወስደው የዘሩት አቃጣይ ቀይ ቃሪያ ሆኖባቸው ስለነበር ተነሡ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ እሽጉን ከነጩ አንሥተው ባዶው ላይ አኖሩት። የአበባው መሸፈኛ ሻሽ ተቀዶ ኖሯል፤ ልብስ ሰፊ ሆና ቀዳዳ አላየችም። አዳራሹ ሙሉ ሰው እያያት ፊቷ ደም መሰለ። ከዚያ ወዲህ ነጩ ጠረጴዛ አጠገብ ደርሳ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አያቷ ከረባት አስረው ጠበቋት። ማታ ከዱባዎቹ የወጣው ዘር በወረቀት ተጠቅልሎ በእጃቸው ነበር።

«ዘንድሮ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አሏት። «ድምፄ ደክሟል። ጥርት አድርገሽ ተናገሪ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«ምን ልበል አባባ?»

ፊታቸው ወደ እሷ ዞሮ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከትከሻዋ አለፍ ብሎ ያያል። ከረባቱ ወደ ግራ ዞሯል። «የሚባለውን ነዋ» አሉና እሽጉን ሰጧት።

መንገዱን ሁሉ ክንዳቸውን ይዛ ሄደች። ድሮ እንዳትወድቅ እሷ ነበረች የምትይዛቸው፤ አሁን ማን ማንን እንደያዘ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አይናገሩም።

አዳራሹ ሞልቷል። አያቷ በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ሰዉን በድምፁ እየለዩ ሰላምታ ይመልሳሉ። አናጢው ጥቁር ቲማቲሙን «ታስሯል» ብሎ ነጩ ላይ አኖረ። የታክሲ ነጂው ሚስት ካሮቷን «ክፍት ነው» አለች።

«ጎረቤቱ ማን ነው?» አሉ አያቷ።

«የሜዳ ካሮት።»

«እንግዲያ ነጭ ቢወጣባችሁ አታማርሩ።» ሰዉ ሳቀ።

ልብስ ሰፊዋ በፌንጣ ጎን ስታልፍ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «ራቁቱን ይዘሽ መጣሽ የኔ ልጅ? እኔ እንኳ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ። ለልጆቼ ልጆች ነው የምዘራው፤ ፍሬ ሲፈለፍሉ ቅርፊቱን ምንጣፌ ላይ እየተፉ ፈጁኝ።»

«እሺ እትዬ» አለች ፌንጣ። ሕፃናቱን ታውቃቸዋለች፤ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ የሚከቱ መንታዎች ናቸው።

ተራዋ ደረሰ። ሰው ሁሉ የጠበቀው ይህን ነው። ራዲዮ ከኋላ ሆና አገጯን ወደ ነጩ ጠረጴዛ ቀሰረች። ፌንጣ እሽጉን ከፍ አደረገች። አንድ ቃል ብትል አያቷ ዛሬ ተመስግነው ወደ ቤት ይገባሉ፤ ጓሯቸውም እጃቸው ላይ ይቆያል። ሌላውን ቃል ብትል ምን እንደሚሆን አታውቅም። ወደ በሩ ዞር ብላ አየቻቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለዋል። በጣም ትወዳቸዋለች። ከእሳቸው ሌላ እንደዚያ የምትወደው ሰው የለም።

«ክፍት ነው» አለች።

ጥርት ብሎ ነው የወጣው። እሽጉን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አናጢው ልጅቷ ተሳስታ ይሆናል ብሎ ወደ አያቷ ዞረ። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። ፌንጣ መሬቱን እያየች ጠበቀች። ተነሥተው እሽጉን ወደ ነጩ ቢያዛውሩትስ? ልጅ ናት አላወቀችም ቢሉስ? ያን ጊዜ እሷ ምን ትላለች?

አያቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጎረቤቱ ማን ነው?» አሉ፣ ሌላውን ሁሉ በሚጠይቁበት በዚያው ድምፅ።

ፌንጣ ቀና አለች። «የጌጥ ቅል» አለች።

«እንግዲያ ከዚህ የሚበቅለውን ዱባ ጥሬውን በምላሱ ሳይቀምስ ማንም እንዳያበስለው። ከመረረ ይጣል።» ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዞሩ። «ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያሰርኩት ግን ዱባው ካደገ በኋላ ነው። ልጅቷ ልክ ናት።»

ከዚያ ተነሡ። ፌንጣ ልትሄድ ስትል በእጃቸው ቆዪ አሏት። ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ የወንበሮቹን ጀርባ እየያዙ ባዶው ጠረጴዛ ድረስ መጡ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ዓይናቸው እንደማይሠራ ያየው ያኔ ነው።

«ቢጫው ቃሪያ የትኛው ነው?» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ጎናቸው ቆማ ነበር። አንድ እሽግ አነሣችና መዳፋቸው ላይ አኖረችው። በጣታቸው ከበው ያዙት፤ አገላብጠው ዳሰሱት፤ የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ዘንድሮም ክፍት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ይሁን» አሉ። «የእኔም ክፍት ነው።»

ልውውጡ ሲያልቅ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት መለሰቻቸው። ከዳቦ ቤቱ ማዶ ሲደርሱ አያቷ ቆም አሉ።

«በምን አወቅሽ?»

«ክሩ አንገቱን አልበላውም ነበር። ወልቆ መጣ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሰዓት ሳስተካክል ኖሬ፣ እኔን ራሴን ጊዜ ያዘኝ።» ሊስቁ ፈልገው አልሆነላቸውም። ድምፃቸው ተሰበረ። «አፍሬ ነው ልጄ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሴቴዋን አጣኋት ማለት አሳፈረኝ።»

«እኔን ቢጠሩኝ እመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ። እሱም ነው ያሳፈረኝ።»

መንገዱን ተሻገሩ። «ከዓምናው የቀረ ዘር የለም?» አለች ፌንጣ።

«ሰዓት የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ጥቂት አለች። የታሰረች። ግን ዘር ያለ እጅ ምን ያደርጋል? እናትሽ ዛሬውኑ መስማቷ አይቀርም። ያቺ ጓደኛሽ አለች አይደል?»

«ከራዲዮ በፊት እንንገራት።»

ጓሮው ድረስ ይዛቸው ገባች። የተገለበጠውን ባልዲ በእግራቸው ፈልገው ተቀመጡበት። ሐረጉ ደርቆ መደቡ ላይ ተኝቷል፤ ከአጥሩ በላይ የጎረቤት ቅሎች ዥንጉርጉር ሆነው ተንጠልጥለዋል።

«ጥሪያት» አሉ። «እዚሁ ልንገራት። ፎቅም ቢሆን ፎቅ፤ ግን እዚሁ ሆኜ ልንገራት።»

ፌንጣ ወደ ቤት ገባች። እናቷ ከሥራ ተመልሳ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ላይ ዱቄት አለ።

«እማዬ፣ አባባ ጓሮ ይጠሩሻል። ስለ ዓይናቸው ነው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «ምን ሆኑ?»

«ራሳቸው ይነግሩሻል። ሳይጨርሱ እንዳትናገሪ።»

እናቷ እግሯን እያደረቀች ሳለ ፌንጣ የአያቷን የሥራ ሳጥን ከፈተች። የቀዩን ክር ጥቅልል አነሣችና ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ሁለት በርጩማ ይዛ ወጣች። አንዱን ለእናቷ ከፊታቸው አኖረች። ሌላውን ይዛ ዞረችና፣ ይበልጥ በማያዩበት በቀኝ ጎናቸው አስጠግታ ተቀመጠች።